ኢታኖል 0.8 ነው፣ 1.3 ነው ወይስ 8? ቁጥሩ ለምን አይስማማም?

ጥያቄ_አበዛሁ
ሰላም ለዚህ ቤት። ሁለት ቀን ሙሉ ስለ ኢታኖል ሳነብ ከርሜ ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ከበቆሎ የሚሰራው ኢታኖል አንድ እጅ የፎሲል ኢነርጂ ከተህ 1.3 እጅ ታወጣለህ የሚል አለ፣ 2.1 የሚል አለ፣ ኧረ የምትከተው ከምታወጣው ይበልጣል የሚልም አለ። ከሸንኮራ አገዳ ሲሆን ደግሞ ድንገት 8 ይሆናል። አልኮሉ አንድ ፎርሙላው አንድ፣ ታዲያ እንዴት ነው እንዲህ የሚራራቀው? የሙቀት አማቂ ጋዙ ደግሞ ባሰ፣ አንዱ ከቤንዚን በ40 ምናምን ፐርሰንት ያንሳል ይላል ሌላው በ24 ፐርሰንት ይበልጣል ይላል። ሁለቱም የታወቀ ጆርናል ላይ የወጡ ናቸው። ማነው የሚዋሸው? እባካችሁ "ተገዝተው ነው" ብላችሁ ብቻ አትመልሱልኝ፣ እሱን ራሴም ማሰብ አያቅተኝም 😄

ሚዛን_ጠባቂ
ማንም ሳይዋሽ ነው የሚለያዩት። ሂሳቡ የት ይጀምራል የት ያልቃል የሚለው ነው የሚያጣላቸው።

የምትከተው ይበልጣል ያሉት ፒሜንቴልና ፓትዜክ የሚባሉ ተመራማሪዎች ናቸው፣ 2005 ላይ፣ የበቆሎ ኢታኖል ከሚሰጠው 29 ፐርሰንት የበለጠ የፎሲል ኢነርጂ ይበላል ብለው። እነሱ የትራክተሩን ብረት ለመስራት የወጣውን ኢነርጂ ሳይቀር ይቆጥራሉ። ይሄ በራሱ ጥፋት አይደለም፣ ወሰኑን ሰፋ አድርገው ማስመራቸው ነው። ዋናው ልዩነት ግን ተረፈ ምርቱ ላይ ነው። አንድ ኩንታል በቆሎ ፋብሪካ ሲገባ በግርድፉ ሲሶው አልኮል ይሆናል፣ ሲሶው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል፣ ሲሶው ደግሞ የከብት መኖ ሆኖ ይቀራል። እርሾው የሚበላው ስታርቹን ብቻ ስለሆነ ፕሮቲኑ፣ ቅባቱና አሰሩ እዛው አለ። አሁን ጥያቄው ማሳው ላይና ፋብሪካው ውስጥ የወጣውን ኢነርጂ ሁሉ አልኮሉ ብቻውን ይሸከም ወይስ መኖውም ድርሻውን ይውሰድ? አልኮሉ ላይ ብቻ ጫንከው፣ ቁጥሩ ከ1 በታች ሊወርድ ይችላል። አካፈልከው፣ ከ1 በላይ ነህ።

2006 ላይ የበርክሌዩ አሌክሳንደር ፋረልና ጓደኞቹ ስድስት ጥናቶችን ሰብስበው አንድ ሚዛን ላይ አስቀመጧቸው፣ ሳይንስ መጽሔት ላይ ነው የወጣው። አሉታዊ ውጤት ያመጡት ሁለቱ ተረፈ ምርቱን ያልቆጠሩና ከመረጃቸውም ያረጀ ያለበት ሆነው አገኟቸው።

የ1.3 እና የ2.1 ልዩነት ደግሞ ሌላ ነው። ሁለቱም ከአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ነው የመጡት ግን 1.3ቱ የ2002 ሪፖርት ሲሆን 2.1ዱ ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ የመጣ ነው። በመሃል ፋብሪካዎቹ ሙቀት መቆጠብ ተማሩ፣ የሄክታር ምርቱም ጨመረ።

ፈላ_ቀዘቀዘ
ሚዛን ያልከው ትክክል ነው ግን ፋብሪካው ውስጥ ያለውን እኔ ልጨምር፣ የበቆሎ ኢታኖል ፋብሪካ ውስጥ የማታ ሺፍት እሰራ ስለነበር።

ሰው አልኮሉን የሚሰራው እርሾው ነው ብሎ ያስባል። እርሾውማ ለራሱ ደስ ብሎት ነው የሚሰራው እንደውም ራሱ ሙቀት ስለሚያወጣ እያቀዘቀዝክለት ነው። ኢነርጂውን የሚበላው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ከታንከሩ የሚወጣው የፈላ ነገር አልኮሉ 12 ቢበዛ 15 ፐርሰንት ነው፣ ሌላው ውሃና ጭቃ የመሰለ አተላ። ያንን ሁሉ እያፈላህ አልኮሉን ትለያለህ። አልኮሉ 95 ፐርሰንት አካባቢ ሲደርስ ደግሞ ቀጥ ይላል፣ ከዚያ በኋላ ብታፈላው ብታፈላው ውሃውና አልኮሉ አብረው ነው የሚተኑት አይለያዩም። የቀረችዋን ውሃ ለማውጣት ሞሌኪዩላር ሲቭ በሚሉት እንደ ጠጠር ባለ ነገር ውስጥ ታሳልፈዋለህ፣ ውሃዋን እሱ ይይዛታል።

ከዚያ ማድረቂያው አለ። ከስር የቀረውን እርጥብ መኖ የሚያደርቅ እንደ በርሜል የሚሽከረከር፣ አውቶብስ የሚያክል ነገር። እሱ ሲነሳ የጋዝ ቆጣሪው ሲሮጥ በዓይንህ ታየዋለህ፣ ሽታውም የተቃጠለ እህል ሽታ ሆኖ ልብስህ ውስጥ ገብቶ ቤትህ ድረስ ይከተልሃል። አሁን ልብ በሉ፣ የከብት ማደለቢያ አጠገብህ ካለ መኖውን እርጥቡን ጭነህ ትሸጣለህ፣ ማድረቂያው አይነሳም። ከሌለ ግን እርጥቡ በጥቂት ቀን ስለሚበላሽ የግድ ታደርቃለህ። ያው ፋብሪካ፣ ያው በቆሎ፣ ያው አልኮል፣ ሁለት ቁጥር። እኛ ጋ በአንድ ሳምንት ውስጥ ራሱ ሁለቱንም እናደርግ ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው "የበቆሎ ኢታኖል እንዲህ ነው" ብሎ አንዲት ቁጥር ሲነግረኝ እርጥብ ነው ደረቅ ብዬ ነው መጀመሪያ የምጠይቀው።

ጥያቄ_አበዛሁ
@ፈላ_ቀዘቀዘ ይሄንን የትኛውም ያነበብኩት ላይ አላየሁትም፣ ወይም አይቼ አልፌዋለሁ። አመሰግናለሁ። አገዳው ታዲያ ለምን 8?

ፈላ_ቀዘቀዘ
አገዳው ላይ አልሰራሁም ግን ምስጢሩ ባጋስ ነው። አገዳው ተጨምቆ የሚቀረው ገለባ እዛው ቦይለር ውስጥ ይገባል፣ እንፋሎቱም መብራቱም ከሱ ነው፣ ተርፎ ወደ ግሪድ የሚሸጡም አሉ። የፎሲል ነዳጅ የሚገባው በአብዛኛው ማዳበሪያው፣ ትራክተሩና ጭነቱ ላይ ብቻ ነው። ማፍላቱና ማንጠሩ ለበቆሎም ለአገዳም ያው ነው፣ ስር የሚነደው ነገር ነው የተለየው። በዛ ላይ አገዳው ስኳሩን ይዞት ነው የሚመጣው፣ በቆሎን ግን መጀመሪያ ስታርቹን በኢንዛይም ሰብረህ ስኳር ማድረግ አለብህ።

ሚዛን_ጠባቂ
በትክክል። ብራዚል ፕሮአልኮል የሚባለውን ፕሮግራም 1975 ላይ ነው የጀመረችው፣ የነዳጅ ዋጋ ሰማይ ሲነካ። 2003 ላይ ደግሞ ቤንዚንም አልኮልም በፈለግከው መጠን የምትቀዳባቸው ፍሌክስ መኪኖች መጡ። አገዳ አንዴ ከተተከለ አምስት ስድስት ጊዜ ይቆረጣል፣ በየዓመቱ ማረስ የለም።

ግን አገዳም መልአክ አይደለም። ለአንድ ሊትር አልኮል ከ10 ሊትር በላይ ቪናስ የሚባል ጥቁር ፍሳሽ ይወጣል፣ ክፍት ቦይ ውስጥ ተኝቶ ከቆየ ሚቴን ያመነጫል። ቅጠሉን ለማራገፍ ማሳውን ማቃጠልም ነበር፣ ሳኦ ፓውሎ ግዛት ውስጥ ቀስ በቀስ በማሽን ተተክቷል እንጂ።

መካኒኩ
እናንተ ሰዎች ፋብሪካ ውስጥ ቀራችሁ 😂 መኪናው ጋ ኑ። አንድ ሊትር ኢታኖል ውስጥ ያለው ኢነርጂ 21 ሜጋጁል አካባቢ ነው፣ አንድ ሊትር ቤንዚን 32። ሁለት ሦስተኛ በሉት። ስለዚህ 10 ፐርሰንት የተቀላቀለበት ስትሞላ በሊትር የምትሄደው ኪሎሜትር በ3 ፐርሰንት ገደማ ይቀንሳል፣ ያን ሰው ልብ አይለውም። 85 ፐርሰንቱን ስትሞላ ግን ከሩብ በላይ ነው የምታጣው፣ ታንከሩ ቶሎ ቶሎ ያልቃል። ሊትርን ከሊትር የሚያወዳድር ሰው ካያችሁ አትስሙት።

በጎ ጎኑ ኦክቴኑ ነው፣ ከ100 በላይ። ሞተሩ ለሱ ተብሎ ኮምፕሬሽኑ ከፍ ተደርጎ ቢሰራ የጠፋውን የተወሰነ ያስመልሳል፣ ግን ዛሬ የሚሸጠው መኪና ለሁለቱም እንዲሆን ስለሚሰራ ያ ጥቅም እጅህ አይገባም።

ሌላው ውሃ ይስባል። ባለፈው አንድ ሰው ለወራት የቆመ ጄኔሬተር አመጣልኝ አልነሳ ብሎት፣ ካርቡሬተሩን ስፈታው ከስር ደመና የመሰለ ውሃና አልኮል ተኝቷል፣ ቤንዚኑ ከላይ ለብቻው፣ ነሐሷ ጂግለር አረንጓዴ ሆናለች፣ የጎማ ቱቦው አብጦ ጣቴ ላይ ይፈረፈራል። በየቀኑ የሚሰራ ሞተር ላይ እንደዚህ አይሆንም። ለሚቀመጥ ነገር ግን አልኮል ያለበትን ነዳጅ አትተዉበት፣ አንጠፍጥፉት።

ካርቦን_ቆጣሪ
ስለ ጋዙ ማንም አልመለሰልህም እኔ ልሞክር። ሰው ሁሉ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ያያል፣ በቆሎው ከአየር ወስዶ መኪናው መልሶ ይለቀዋል ስለዚህ ዜሮ ይላል። እሱ ልክ ነው፣ ችግሩ ሌላው ነው። ማዳበሪያ።

ናይትሮጅን ማዳበሪያ ሲሰራ የተፈጥሮ ጋዝ ይበላል፣ ይሄ አንድ። ማሳ ላይ ከተበተነ በኋላ ደግሞ የአፈር ባክቴሪያ ጥቂቱን ወደ ናይትረስ ኦክሳይድ ይቀይረዋል፣ እሱ በ100 ዓመት ሂሳብ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 273 እጥፍ የሚያሞቅ ጋዝ ነው። በግርድፉ እንስላው። ሄክታር ላይ 160 ኪሎ ናይትሮጅን ተበተነ እንበል፣ የአይፒሲሲው (የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ቡድን) መነሻ ቁጥር 1 ፐርሰንት ነው፣ ስለዚህ 1.6 ኪሎ። በ273 ስታበዛው 437 ኪሎ። ከሄክታሩ 11 ቶን በቆሎ ብታገኝ ከቶኑ 400 ሊትር ገደማ ይወጣል፣ 4,400 ሊትር፣ ወደ 93,000 ሜጋጁል። ሲካፈል በሜጋጁል 4.7 ግራም። ቤንዚን ከጉድጓድ እስከ ጭስ ማውጫ 93 ግራም አካባቢ ስለሆነ ይሄ ትንሽ ይመስላል።

ግን 2008 ላይ ፖል ክሩትዘን፣ በኦዞን ኬሚስትሪ 1995 ኖቤል ያገኘው ሰውዬ፣ ከማሳው ብቻ ሳይሆን ናይትሮጅኑ ወንዝ ገብቶ፣ መኖ ሆኖ፣ ፋንድያ ሆኖ ዞሮ ዞሮ የሚመጣውን ሁሉ ብትደምሩት ከ3 እስከ 5 ፐርሰንት ነው አለ። ይሄ እንግዲህ ቁጥሬን በሦስት በአምስት ያበዛዋል። እንደገና የወሰን ጉዳይ።

ሜዳው_ይናገር
ዋናውን ረሳችሁት። መሬት!!

በቆሎው ወደ ነዳጅ ሲሄድ ያ በቆሎ ይመገበው የነበረ ሰውና ከብት መብላቱን አያቆምም። ዋጋው ይጨምራል፣ የሆነ ቦታ ያለ የሆነ ገበሬ ሳር መሬት ያርሳል ደን ይመነጥራል፣ አፈር ውስጥ ለመቶ ዓመት የተከማቸው ካርቦን ይወጣል። ቲሞቲ ሰርቺንገር የሚባል ተመራማሪ 2008 ላይ ሳይንስ መጽሔት ላይ ይሄን ጨምሮ ሲያሰላው የበቆሎ ኢታኖል በ30 ዓመት ውስጥ ልቀቱን ወደ እጥፍ ያደርሰዋል፣ ከመሬቱ የወጣው የካርቦን ዕዳ የሚከፈለው በ167 ዓመት ነው አለ። በዛው መጽሔት ላይ ፋርጂዮኔና ባልደረቦቹ የአሜሪካን ሳር መሬት አርሶ በቆሎ መዝራት የ93 ዓመት ዕዳ ነው፣ ተትቶ የከረመ የእርሻ መሬት ቢሆን እንኳ 48 ዓመት ነው አሉ። የኢንዶኔዥያና የማሌዥያን ረግረግ ደን አድርቆ ፓልም መትከል ደግሞ ከ400 ዓመት በላይ!! ከዚህ በኋላ እርጥብ መኖ ደረቅ መኖ እያሉ መከራከር ቀልድ ነው።

ሚዛን_ጠባቂ
አትቆጣ ወንድሜ 🙂 ነጥብህ ትክክል ነው፣ ቁጥርህ ግን ከዛ ወዲህ ብዙ ተጉዟል። ሰርቺንገር ለመሬት ለውጥ ብቻ በሜጋጁል 104 ግራም ነበር የሰጠው። ካሊፎርኒያ 2009 ላይ የነዳጅ ካርቦን ደንቧን ስታወጣ 30 ግራም ጻፈች፣ 2015 ላይ 19.8 አደረገችው። ከዚያ በታች የሚሰጡም አሉ። ምክንያቱም መጀመሪያ ላይ ሞዴሎቹ ገበሬው ዋጋ ሲጨምር ያለውን መሬት የበለጠ እንደሚያመርትበት፣ መኖውም ተመልሶ ገበያ እንደሚገባ በደንብ አልያዙትም ነበር።

ሜዳው_ይናገር
ሞዴሉን የሚያለሳልሱት እነማን እንደሆኑ እናውቃለን። ሞዴል አልወድም ካልክ የታይለር ላርክን የ2022 ጥናት እይ፣ አሜሪካ ውስጥ በእርግጥ የታረሰውን መሬት ከመረጃ ተነስተው ነው ያዩት። የኢታኖል ግዴታው (ነዳጅ ላይ ኢታኖል እንዲቀላቀል የሚያስገድደው የአሜሪካ ሕግ) የበቆሎን ዋጋ በ30 ፐርሰንት ከፍ አድርጎታል፣ የበቆሎ መሬት በ2.8 ሚሊዮን ሄክታር ሰፍቷል፣ ኢታኖሉም ከቤንዚን የማይሻል እንደውም ቢያንስ በ24 ፐርሰንት የሚብስ ሊሆን ይችላል ነው ያሉት። የኛ ጠያቂ ያነበበው 24 ይሄው ነው።

ሚዛን_ጠባቂ
አዎ እሱ ነው፣ 40 ምናምን ያነበበው ደግሞ የ2021ዱ ይመስለኛል፣ አንዱ ጥናት 46 ፐርሰንት ያንሳል ብሎ ነበር። የላርክን ጥናት አርጎን የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት ላብራቶሪ ሰዎች ተቃውመውታል፣ "አዲስ የታረሰ" የተባለው ከፊሉ ለጥቂት ዓመት አርፎ የተመለሰ የእርሻ መሬት ነው፣ ከአፈሩ ወጣ የተባለውም ካርቦን ተጋኗል ብለው፣ እነላርክም መልሰውላቸዋል። ሳር መሬትን ከፆም ካደረ ማሳ በሳተላይት መለየት እንዲህ ቀላል አይደለም። በነገራችን ላይ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ 2010 ላይ የመሬቱንም ጨምሮ በተፈጥሮ ጋዝ ለሚሰራ አዲስ ፋብሪካ 21 ፐርሰንት ቅናሽ አለ፣ ለአገዳ 61። ሕጉ የሚጠይቀው ዝቅተኛው ደግሞ 20 ነበር። 21 እና 20፣ ለጥቂት አለፈች።

ካርቦን_ቆጣሪ
ያቺ 21 ሁሌም ታስቀኛለች። ከዛም በፊት የተሰሩት ፋብሪካዎች ከ20ዋ ነፃ ተደርገዋል፣ ያኔ የነበረው አብዛኛው አልኮል ከነሱ ነበር የሚወጣው።

ጥያቄ_አበዛሁ
እሺ እንግዲህ ገና ያልገባኝ አንድ ነገር አለ። የኢነርጂው 1.3 በራሱ ምን ይነግረኛል? ጥሩ ነው መጥፎ?

ሚዛን_ጠባቂ
እውነቱን ልንገርህ ብዙም አይነግርህም። የድንጋይ ከሰል ጣቢያ ሦስት እጅ ሙቀት አቃጥሎ አንድ እጅ መብራት ነው የሚሰጥህ፣ 0.3 ነው ብሎ የሚያለቅስ የለም ምክንያቱም መብራትና ከሰል አንድ ጥቅም የላቸውም። ቤንዚን ራሱ በዚህ ስሌት 0.8 ነው፣ ከድፍድፉ ጀምሮ ማውጫው፣ ማጣሪያው፣ ማጓጓዣው ሲደመር። ስለዚህ 1.3ን ከ1 ጋር ሳይሆን ከ0.8 ጋር ነው ማወዳደር ያለብህ።

እኔ የምጠይቀው የገባው ኢነርጂ ምንድነው ነው። የበቆሎ ኢታኖል ላይ ድፍድፍ ዘይት ትንሽ ነው የሚገባው፣ አብዛኛው የተፈጥሮ ጋዝ ነው፣ ድሮ ደግሞ ከሰልም ነበር። እንግዲህ የነዳጅ ዘይት ማስመጣት አስጨንቆህ ከሆነ ኢታኖል ይሰራል። ጋዙን ወስደህ፣ ትንሽ ፀሐይ ጨምረህበት፣ ታንከር ውስጥ የሚቀዳ ፈሳሽ እያደረግከው ነው። ጭንቀትህ የአየር ንብረት ከሆነ ግን ያው ጋዝ እየተቃጠለ ነው። ሁለቱን ዓላማ አንድ ላይ አስረው ስለሸጡት ነው ክርክሩ የማያልቀው።

የፀሐይ_ጎረቤት
ትንሽ ፀሐይ ያልከው ትንሽ ብቻ አይደለም በጣም ትንሽ ነው። መካከለኛ አየር ንብረት ላይ አንድ ካሬ ሜትር በዓመት 1,500 ኪሎዋት ሰዓት ፀሐይ ያገኛል እንበል፣ ሄክታሩ 15 ሚሊዮን ነው። @ካርቦን_ቆጣሪ ያለው 93,000 ሜጋጁል 26,000 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ከ500 እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም፣ ያውም የገባበትን ጋዝና ማዳበሪያ ሳንቀንስ። እዛው ሜዳ ላይ ሶላር ፓነል አራርቀህ ተክለህ ከፀሐዩ 5 ፐርሰንት ብቻ ብትይዝ 750,000 ነው፣ ወደ 30 እጥፍ። የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ጎማው ላይ ሲደርስ ከቤንዚን ሞተር ሦስት እጥፍ ይሻላል። አሜሪካ ከበቆሎዋ 40 ፐርሰንት ገደማ ለዚህ ነው የምታውለው (መኖው ይመለሳል አውቃለሁ አትጩሁብኝ)።

መካኒኩ
ሰማን፣ ግን አውሮፕላኑን በፓነል አታስነሳውም። መንገድ ላይ ያሉት መኪኖችም ነገ አይቀየሩም።

የፀሐይ_ጎረቤት
አውሮፕላኑ ይቅር እሺ። ለቤት መኪና ግን 30 እጥፍ መሬት ምን ያደርጋል?

ፈላ_ቀዘቀዘ
ያልተነሳ አንድ ነገር፣ ከማፍያ ታንከሩ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ንጹሕ ነው፣ ከጭስ ማውጫ እንደሚወጣው ከናይትሮጅን ጋር የተቀላቀለ አይደለም። ከ180 ግራም ስኳር 92ቱ አልኮል ይሆናል 88ቱ ጋዝ። ለያንዳንዱ ሊትር አልኮል ወደ 755 ግራም፣ በሜጋጁል 35 ግራም ምናምን። እኛ ወደ ሰማይ ነበር የምንለቀው። ኢሊኖይ ዲኬተር ላይ ግን ከ2011 እስከ 2014 አንድ ሚሊዮን ቶን ሁለት ኪሎሜትር ገደማ ጥልቀት ያለው አሸዋ ድንጋይ ውስጥ ቀብረዋል። የመጭመቂያው መብራት ይቀነስ እንጂ ያ ሁሉ ከቁጥሩ ላይ ይወርዳል።

ሜዳው_ይናገር
ያ እኮ የጉድጓዱ ጉብዝና ነው የበቆሎው አይደለም።

ፈላ_ቀዘቀዘ
ልክ ነህ። ግን ከሰል ጣቢያ ላይ ያንኑ ለማድረግ መጀመሪያ ጋዙን ለመለየት ብቻ ብዙ ነው የሚከፈለው፣ እዚህ የተለየ ሆኖ ነው የሚመጣው። ጎበዝም ሰነፍም አላልኩም።

ጥያቄ_አበዛሁ
@ካርቦን_ቆጣሪ የናይትረስ ኦክሳይድ ስሌትህን ኤክሴል ላይ ልገለብጠው ስል አንድ ነገር አየሁ። 1 ፐርሰንቱ የናይትሮጅኑ ክብደት እንጂ የጋዙ አይደለም አይደል? በ44/28 መባዛት የለበትም?

ካርቦን_ቆጣሪ
ወይኔ። አዎ አለበት። 1.6 ሳይሆን 2.5 ኪሎ ነው፣ በ273 ወደ 686 ኪሎ፣ በሜጋጁል 7.4 ግራም። 4.7 ያልኩትን እርሱት። ስንት ጊዜ ነው እዚህች ጋ የምወድቀው፣ ሌሎች ሲሳሳቱ ደግሞ እኔ ነኝ ቀድሜ የምጮኸው።

ጥያቄ_አበዛሁ
😂 ምንም አይደል። @ፈላ_ቀዘቀዘ አንተን ደግሞ ላስቸግርህ፣ አሁን ለሁሉም ነገር ረድፍ ሰርቻለሁ፣ ማዳበሪያ፣ መሬት፣ ማንጠሪያ፣ መኖ። የማድረቂያዋን ረድፍ ዜሮ ሳደርጋት የታችኛው ድምር በደንብ ይቀንሳል፣ አንተ ያልከው ማለት ነው። ግን እርጥቡን መኖ ስትጭኑ ውሃውንም አብራችሁ እየጫናችሁ አይደል? የጭነት መኪናው ናፍጣ የት ይገባል?

ፈላ_ቀዘቀዘ
እሱ ሌላ ረድፍ ነው። ሁለት ሦስተኛው ውሃ ነው በለው፣ ማደለቢያው ስንት ኪሎሜትር እንደሚርቅ ራስህ ሙላ።